ከስቴት ከወጣሁ በኋላ የድሮው አከራዬ ከሰሰኝ፤ እንዲህ አድርጌ ጨረስኩት

ከሜሪላንድ ወደ ቴክሳስ ከተዛወርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኝ ነበር። ጋርላንድ ውስጥ የተከራየሁት ቤት ገና ግማሹ ካርቶን ነው። ፖስተኛው ፊርማ የሚጠይቅ ፖስታ ይዞ መጣ። ስከፍተው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ዲስትሪክት ኮርት መጥሪያ ነው። ከሳሹ ሲልቨር ስፕሪንግ የኖርኩበትን አፓርታማ የሚያስተዳድረው ድርጅት ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ይላል። የሁለት ወር ኪራይ 3,300 ዶላር፣ ምክንያቱም "የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ ለቃለች"። ምንጣፍ መቀየሪያ 1,400። ቀለም 550። ጽዳትና የተሰበረ የቁም ሳጥን በር 350። ከዚህ ላይ ዲፖዚቴን (ስገባ ያስያዝኩትን ገንዘብ) 1,650 ቀንሰው 3,950 ዶላር ይፈልጋሉ።

ማስጠንቀቂያ ሰጥቻለሁ። ቤቱንም ጠርጌ፣ ወልውዬ፣ ቁልፍ አስረክቤ ነው የወጣሁት። ደሜ ፈላ። መጀመሪያ የደወልኩት ለአክስቴ ልጅ ነው። "አቦ ተያቸው፤ ከስቴት ወጥተሻል፣ ቴክሳስ ድረስ መጥተው ምን ሊያደርጉሽ ነው?" አለኝ። ይሄን ምክር ከዚያ በኋላ ከስንቱ ሰው እንደሰማሁት! ቤተክርስቲያን ሰማሁት፣ ቡና ላይ ሰማሁት፣ ኡበር የሚነዳ ወንድም ሲያወራው ሰማሁት። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ግን በዚህ ጉዳይ ያለፍኩበትን ስለማውቅ፣ ተመሳሳይ ፖስታ ለሚደርሳችሁ ይጠቅም እንደሆነ ልጻፈው።

"ከስቴት ወጥቻለሁ" የሚለው መከላከያ አይሆንም። ቤቱ ያለው ሜሪላንድ ነው፣ ውሉ የተፈረመው ሜሪላንድ ነው፣ የኖርኩት ሜሪላንድ ነው። የሜሪላንድ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለው። እዚያ የተፈረደብኝን ደግሞ ወደምኖርበት ስቴት አምጥቶ ማስመዝገብና ማስፈጸም ይቻላል፤ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንዱ ስቴት የሌላውን ፍርድ እንዲያከብር ያስገድዳል። ለዚህ አዲስ ክርክር አይከፈትም። ጥፋተኛ ነሽ አይደለሽም የሚለው እዚያ አልቋል፤ እዚህ የሚመጣው ለመሰብሰብ ብቻ ነው።

የአክስቴ ልጅ ሌላም ነገር ነበረው። "ቴክሳስ ደመወዝ አይነኩም።" ይሄ ግማሹ እውነት ነው። ቴክሳስ ውስጥ ለተራ ዕዳ ብሎ ከአሠሪ ላይ ደመወዝ ማስቆረጥ አይቻልም። ልጅ ማሳደጊያ፣ ታክስና የመሳሰሉት ናቸው የሚቆረጡት። ደመወዙ ባንክ ከገባ በኋላ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ባለ ፍርዱ የባንክ ሒሳብ ማሳገድ ይችላል። አንድ ቀን ጠዋት ካርዳችሁ ነዳጅ ማደያ ላይ እንቢ ሲላችሁ ነው የምታውቁት። በሌሎች ብዙ ስቴቶች ደግሞ ከደመወዝ በቀጥታ ይቆረጣል፤ የፌዴራሉ ሕግ ለተራ ዕዳ እጅ ላይ ከሚደርሰው ደመወዝ እስከ 25 በመቶ ድረስ ይፈቅዳል። የሜሪላንድ ፍርድ 12 ዓመት ይቆያል፣ ሊታደስም ይችላል። ወለዱም ይቆጥራል።

ሌላው የሚባለው "አትፈርሚ፣ ፖስታውን አትቀበዪ" ነው። እሱም የትም አያደርስም። ፖስታው ከተመለሰ ወረቀት አድራሽ ሰው ይልካሉ፤ እቤት ውስጥ አብሯችሁ ለሚኖር አዋቂ ሰጥቶ ቢሄድም እንደደረሳችሁ ይቆጠራል። ብቻ ክሱ ውስጥ ምን እንዳለ ሳታውቁ ጊዜው ይሄድባችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ቀነ ገደቡ። በሜሪላንድ ዲስትሪክት ኮርት ተከሳሹ "እከራከራለሁ" የሚል ማስታወቂያ ማስገባት አለበት። እዚያው ስቴት ውስጥ መጥሪያ ለደረሰው ሰው 15 ቀን ነው የሚሰጠው። ከሜሪላንድ ውጭ ለደረሰው 60 ቀን ነው። ቅጹ ከመጥሪያው ጋር ይመጣል፣ ጠበቃም አይፈልግም። ይሄን ካላስገባችሁ ከሳሹ ባቀረበው የመሐላ ወረቀትና ሒሳብ ብቻ ዳኛው ሊፈርድ ይችላል። እኔ እንደታዘብኩት ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። ክርክሩ ውስጥ ገብቶ አይደለም የሚሸነፈው፤ መልስ ባለመስጠት ነው።

60 ቀን አለኝ ብዬ አልተቀመጥኩም። ቅጹ ላይ ለምን ዕዳ እንደሌለብኝ የሚጻፍበት ቦታ አለ። የመጀመሪያው ረቂቄ የብሶት ደብዳቤ ነበር። ሊፍቱ ስንቴ እንደተበላሸ፣ ማኔጀሯ እንዴት እንደምታናግረን፣ ክረምት ላይ ማሞቂያው ሲጠፋ... እህቴ አንብባ "ይሄ ሁሉ ስለ ምንጣፉ ምን ይላል?" አለችኝ። ቀደድኩት። የላክሁት አራት መስመር ነው። ማስጠንቀቂያ በሪኮመንዴ ልኬያለሁ። ምንጣፉና ቀለሙ በኑሮ ያለቀ ነው። የጉዳት ዝርዝሩ በሕጉ ጊዜ አልተላከልኝም። ቤቱ ወዲያው ተከራይቷል። በቃ። ኮፒ አስቀርቼ በሪኮመንዴ ላክሁት፤ ለከሳሹ ጠበቃም አንድ ኮፒ። ከዚያ ለፍርድ ቤቱ ደውዬ ፋይሉ ውስጥ መግባቱን አረጋገጥኩ። የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ኬዝ ሰርች የሚባል በነፃ የሚታይ ገጽ አላቸው፤ ስማችሁን ወይም የመዝገብ ቁጥሩን አስገብታችሁ ምን እንደተመዘገበ ከየትም ሆናችሁ ታያላችሁ። እኔ ጠዋት ከቡና በፊት እሱን ማየት ልማድ ሆኖብኝ ነበር።

ምክር ያገኘሁት በስልክ ነው። ሜሪላንድ ኮርት ሄልፕ ሴንተር የሚባል አለ፤ ጠበቃ የሌለው ሰው ደውሎ ወይም በቻት ከጠበቃ ጋር በነፃ የሚነጋገርበት ነው። ቆመውላችሁ አይከራከሩም። ቅጹን ግን መስመር በመስመር ያስረዳሉ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ የኖራችሁ ከሆነ ደግሞ ካውንቲው የአከራይና ተከራይ ጉዳይ የሚያይ ቢሮ አለው፤ ስለ ዲፖዚት ያላችሁን አቤቱታ እነሱም ይቀበላሉ። አብዛኛው የእኛ ሰው እነዚህን አያውቅም፤ ወይ ጠበቃ ቤት ሄዶ ሺህ ዶላር ይጠየቃል፣ ወይ ይተወዋል።

ከእነሱ ያወቅሁት ነገር ክሱን ገለበጠው ማለት ይቻላል። የሜሪላንድ ሕግ አከራዩ ዲፖዚት ላይ ለጉዳት ሊቆርጥ ከፈለገ፣ ተከራዩ በለቀቀ በ45 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ከነዋጋው ተከራዩ በሚታወቅበት የመጨረሻ አድራሻ በፖስታ ይላክ ይላል። ካልላከ ለጉዳት ብሎ ከዲፖዚቱ የመቁረጥ መብቱን ያጣል። ያለ በቂ ምክንያት በ45 ቀን ውስጥ ካልመለሰ ደግሞ ዳኛው ከያዘው ገንዘብ እስከ ሦስት እጥፍና የጠበቃ ወጪ ሊፈርድበት ይችላል። ይህ ማለት ክሱ በራሱ ይወድቃል ማለት አይደለም፤ ለጉዳቱ ለብቻው መክሰስ ይችላል። ግን ኳሷ ወደ እናንተ ሜዳ ትመጣለች።

የእኔ ዝርዝር መጥቶ ነበር፤ ዘግይቶ። ስለቅ አዲሱን አድራሻ በጽሑፍ ሰጥቻቸዋለሁ፣ እነሱ ግን ለድሮው አፓርታማ ነው የላኩት። ፖስታ ቤት አድራሻ ስላስቀየርኩ ቢጫ ስቲከር ተለጥፎበት ጋርላንድ ደረሰ። ፖስታውን ከነስቲከሩ አስቀምጬው ነበር። ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን ከ45 ቀኑ አልፏል። ደብዳቤውን ሁሉም ሰው ያስቀምጣል፤ ፖስታውን ግን ወዲያው ነው የምንጥለው። እባካችሁ አትጣሉ።

እዚህ ላይ የተከሳሽ ከሳሽነት ክስ አቀረብኩ፤ ዲፖዚቴን መልሱልኝ ብዬ። ይሄም ቀነ ገደብ አለው፤ መልሱን በምትልኩበት ሰሞን ክለርኩን ጠይቁና አብራችሁ ጨርሱት። ሜሪላንድ ውስጥ እስከ 5,000 ዶላር ያለ ክርክር ስሞል ክሌም ይባላል፤ አካሄዱ ቀለል ያለ ነው፣ ያለ ጠበቃ ለመቅረብም አያስፈራም።

ክሱን ባቀረብኩ ሰሞን ከከሳሹ ጠበቃ ስልክ መጣ። ድምፁ ማር ነው። "ግማሹን ከፍለሽ እንገላገል፤ ፍርድ ቤት መመላለስ ለአንቺም አይመችም።" እውነቱን ለመናገር ልቤ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ነበር። ግን "የምፈርመው ወረቀት ምንድን ነው? ላክልኝ" አልኩት። የላከው በስምምነት የሚሰጥ ፍርድ ነው። እንደዚያ ፈርሜ ቢሆን በስሜ ላይ ፍርድ ተመዝግቦ፣ አንድ ክፍያ ባሳልፍ ሙሉውን እንዲሰበስቡ በሩ ክፍት ይሆን ነበር። መስማማት መጥፎ ነው አልልም፤ ማስረጃችሁ ደካማ ከሆነ ጥሩ መውጫ ነው። ግን የምትፈልጉት ክሱ ዳግም እንዳይመጣ ሆኖ የሚዘጋበትን ስምምነት ነው፣ በጽሑፍ፣ ገንዘብ ከመላኩ በፊት። ስልክ ላይ የተባለ ነገር አየር ነው። ዲስትሪክት ኮርቱ ነፃ የሽምግልና አገልግሎትም አለው፤ ገለልተኛ ሰው መሃል ይገባል። እኔ ጠይቄ ነበር፣ እነሱ አልፈለጉም።

እግረ መንገዴን፦ "ካልከፈልሽ ፖሊስ ይመጣል" ብሎ የሚደውል ካለ ስልኩን ዝጉት። የኪራይ ዕዳ አያሳስርም። የሚያሳስረው ከተፈረደባችሁ በኋላ ፍርድ ቤት ስለ ንብረታችሁ ሊጠይቃችሁ ጠርቶ ሳትቀርቡ ስትቀሩ ነው፤ ያኔ ጥፋቱ ዕዳው ሳይሆን ትዕዛዝ መናቁ ነው። ጉዳዩ ወደ ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ) ድርጅት ከሄደ ደግሞ የመጀመሪያው ማስታወቂያ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ "ዕዳውን አረጋግጡልኝ" ብላችሁ በጽሑፍ ጻፉ፤ እስኪያረጋግጡ መሰብሰብ ማቆም አለባቸው። ይሄ ግን ለፍርድ ቤት መጥሪያ መልስ አይሆንም፤ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው።

ማስረጃዬን ያዘጋጀሁት እንደ ሰርግ ዝግጅት ነው፣ ምንም አልቀረኝም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ኮፒ፣ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ፣ ደብዳቤው ሲደርሳቸው ፈርመውባት በፖስታ የተመለሰችልኝ አረንጓዴ የመቀበያ ካርድ። ስገባ የሞላሁት የቤት ሁኔታ ቅጽ፣ "ሳሎን ምንጣፍ ላይ ነጠብጣብ አለ" ብዬ የጻፍኩበት። ቤቱ ለኪራይ የወጣበት ማስታወቂያ ፎቶ፣ ቀኑ ከነሰዓቱ የሚታይ። ቁልፍ የተረከበችው ልጅ የጻፈችልኝ ቴክስት። እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ጽፌ፣ አንድ ገጽ ዝርዝር ፊቱ ላይ አድርጌ፣ ለፍርድ ቤቱም ለከሳሹም አስቀድሜ ላክሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ከጎን በር የሚኖሩት እናት፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ አዲስ ተከራይ መቼ እንደገባ አይተዋል። ደብዳቤ ልጽፍልሽ ሲሉኝ ስልኩ ላይ ያሉት ጠበቃ ደብዳቤ ብቻውን ብዙም እንደማይጠቅም ነገሩኝ፤ ሌላው ወገን ሊጠይቃቸው ስለማይችል ዳኛ ላይቀበለው ይችላል። ስለዚህ "እትዬ፣ ራስዎ በዙም ይቅረቡልኝ" አልኳቸው። "እኔ ፍርድ ቤት? እሺ፣ ልጄ ስልኩን ይክፈትልኝ እንጂ" አሉኝ። ይህን ያህል የፈለግኳቸው ሕጉ አከራዩ ባዶ ቤት ይዞ ኪራይ እንዲቆጥር ስለማይፈቅድ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ተከራይ ከጊዜው በፊት ቢወጣም አከራዩ ቤቱን ለማከራየት ተገቢውን ጥረት ማድረግ አለበት፤ ይህንን ግዴታ በውል እንኳን ማስቀረት አይቻልም።

በዙም ለመቅረብ በጽሑፍ መጠየቅ ነበረብኝ፤ የሚፈቅደው ዳኛው ነው። አልፈቀዱም ማለት ደግሞ ትኬት መቁረጥ ነው፤ "እከራከራለሁ" ብሎ በቀጠሮው ቀን መቅረት ካለመመለስ አይሻልም። ስለዚህ በጊዜ ጠይቁ። ሰዓቱንም አደራ። መጥሪያው ላይ ጠዋት 9 ሰዓት ይላል፣ ያ የሜሪላንድ ነው። እኔ ያለሁበት የዳላስ አካባቢ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ስለሆነ ለእኔ 8 ነው። ለእናቴ ስነግራት ደግሞ ሁለት ሰዓት። በሦስት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር መሃል ክስ የሚያመልጠው ሰው ቢኖር አይገርመኝም።

አስተርጓሚም ጠየቅሁ። ሥራዬ በእንግሊዝኛ ነው፣ ዓመታት ኖሬበታለሁ። ግን ተናድጄ ስናገር እንግሊዝኛዬ ይሸሸኛል። ፍርድ ቤቱ የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባል፤ አስቀድሞ ቅጽ መሙላት ነው። አጫጭር አድርጋችሁ ተናገሩ፣ ለአስተርጓሚው ትንፋሽ ስጡት። ከጎናችሁ ላለው ሰው የምታንሾካሹኩትም እንደሚተረጎም አትርሱ።

ችሎቱ ራሱ አጭር ነበር። ድርጅቱን ወክላ የቀረበችው ልጅ እኔ ስኖር ያልነበረች አዲስ ማኔጀር ናት። ማስጠንቀቂያ ፋይሉ ውስጥ የለም አለች። አረንጓዴዋን ካርድ አሳየሁ፤ ፊርማው የእነሱ ቢሮ ነው። ዳኛዋ ካርዷን ወደ ካሜራው እንዳስጠጋት ጠየቁኝ፣ አዩ፣ ጻፉ። እትዬን ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቋቸው። ከዚያ ወደ ምንጣፉ ሄዱና ልጅቷን "መቼ ነው የተነጠፈው?" አሏት። ወረቀት አገላበጠች። እንደገና አገላበጠች። አታውቅም። እኔ ከመግባቴ በፊት የነበረ መሆኑን ቅጼ ያሳያል፣ ከገባሁ በኋላ ደግሞ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ። ምንጣፍ ዕድሜ አለው፤ ያረጀን ነገር አዲስ ዋጋ አስከፍሎ መቀየር አይቻልም።

ቪዲዮዬም ተከፈተ። የወጣሁ ቀን ክፍል በክፍል የቀረጽኩት ነው፤ ምድጃውን ከፍቼ፣ ማቀዝቀዣውን ከፍቼ፣ ሶፋው የነበረበትን ጥግ አሳይቼ። ከኋላ የወንድሜ ድምፅ ይሰማል። ዳኛዋ ምን እንደሚል ጠየቁ። አስተርጓሚው ኮስተር ብሎ "ቶሎ በይ፣ ትራኩ በሰዓት ነው የሚቆጥረው ይላል" አለ። ዳኛዋ ፈገግ አሉ።

የቁም ሳጥኑ በር ግን ቪዲዮው ላይም ተሰብሮ ይታያል። ልጄ ናት የሰበረችው፣ አልካድኩም። ለእሱ 180 ዶላር ፈረዱብኝ። ኪራዩ፣ ምንጣፉ፣ ቀለሙና ጽዳቱ ወደቀ። ዲፖዚቴ ከነወለዱ እንዲመለስልኝ ተፈርዶ የበሩ 180 ዶላር ከላዩ ተቀነሰ። ሦስት እጥፉን አልሰጡኝም፤ የዳኛዋ ውሳኔ ነው፣ እኔም አልሟገትኩም። ያልተደሰተ ወገን 30 ቀን ይግባኝ አለው። ማንም ይግባኝ አላለም። ቼኩ እስኪመጣ ግን በየጊዜው መጻፍ ነበረብኝ፤ የሌላ ሰው ገንዘብ ሲሆን ሁሉም የሚቸኩለው ለመቀበል ነው።

ይህን የምታነቡት ፍርዱ በሌላችሁበት ካለፈ በኋላ ከሆነ፣ ቀን ቁጠሩ። በሜሪላንድ ፍርዱ ከተመዘገበ በ30 ቀን ውስጥ እንዲነሳላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ፤ ለምን እንዳልመለሳችሁና ምን መከላከያ እንዳላችሁ ጽፋችሁ። ከ30 ቀን በኋላ በሩ በጣም ይጠባል። ማጭበርበር፣ ስህተት ወይም የአሠራር ግድፈት ማሳየት ያስፈልጋል። መጥሪያው ጨርሶ ካልደረሳችሁ፣ ለምሳሌ ለቃችሁ በሄዳችሁበት ቤት በር ላይ ተሰጥቶ "ደርሷታል" ተብሎ ከሆነ፣ ያንን ዝም አትበሉ። በዚያ ቀን ሌላ ስቴት እንደነበራችሁ የሚያሳይ ውል፣ የመብራት ቢል፣ የሥራ ሰዓት ወረቀት ፈልጉና ያንኑ ሳምንት ለኮርት ሄልፕ ሴንተር ደውሉ።

ክሬዲትን በተመለከተ፣ ከ2017 ጀምሮ ሦስቱ የክሬዲት ድርጅቶች የፍርድ ቤት ፍርድ ሪፖርት ላይ አያወጡም። ኮሌክሽን ግን ይወጣል። አፓርታማዎች ተከራይ የሚያጣሩባቸው ድርጅቶች ደግሞ የፍርድ ቤት መዝገብ ያያሉ። እኔ ከአሸነፍኩ በኋላ እንኳን አንዱ የማጣሪያ ሪፖርት "በአከራይ የተከሰሰች" ብሎ ብቻ ጽፎ አገኘሁት፣ ውጤቱን ሳይጠቅስ። ሪፖርቱን ጠይቄ፣ የፍርዱን ኮፒ አያይዤ፣ አርሙልኝ አልኩ። የፌዴራሉ ሕግ እንዲህ ያለ ተቃውሞ ሲደርሳቸው በ30 ቀን ውስጥ እንዲያጣሩ ያስገድዳቸዋል። አረሙት። አዲስ ቤት ከማመልከታችሁ በፊት ይህን ሪፖርት ጠይቃችሁ እዩት፤ የማመልከቻ ክፍያው ብዙ ጊዜ አይመለስም።